ደላላ፣ ቀብድ፣ አሹራ፦ የቤት ሽያጭ ቃላት ከየት መጡ?

«የሚሸጥ ቤት። 250 ካሬ። ካርታ ያለው። ደላላ አይደውልም።»

ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ በግቢ በር ላይ የሚለጠፍም ሆነ በስልክ የሚዘዋወር የቤት ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል። ቁጥሩን ትተን ሰባት ቃል ነው። ከሰባቱ ሦስቱ ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፦ ካሬ ከፈረንሳይኛ፣ ካርታ ከጣሊያንኛ፣ ደላላ ከዐረብኛ። ማስታወቂያው በወጣ ማግሥት ቀድሞ የሚደውለውም ያው እንዳይደውል የተባለው ሰው ነው።

ቤት የሚሸጥ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ዕድሜ ልኩን ያልተጠቀመባቸውን ቃላት ይሰማል። ኮሚሽን፣ ቀብድ፣ ውክልና፣ ይዞታ፣ አሹራ፣ ቴምብር ይባላል። እያንዳንዱ ቃል ከኋላው ሥራ አለው፤ ሥራውም ዋጋ አለው። የቃሉን ሥር ያወቀ ሻጭ ለማን፣ ስለ ምን፣ ስንት እንደሚከፍል ለማወቅ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ከደላላ እንጀምር። የዐረብኛው ሥር ደ-ለ-ለ መንገድ ማሳየት፣ መምራት ማለት ነው። ከዚሁ ሥር የወጣው ደሊል መሪም ማስረጃም ይሆናል። ደላል ደግሞ በገበያ መካከል እየዞረ ዕቃ የሚያስተዋውቅ፣ ጨረታ የሚያስጮህ፣ ገዥን ከሻጭ የሚያገናኝ ሰው ነው። ቃሉ ነጋዴ በረገጠበት ሁሉ ረግጧል። ቱርኮች አዋጅ ነጋሪውን ተላል ብለውታል፤ በስዋሂሊ ዳላሊ ሐራጅ ሻጭ ነው፤ ሶማልኛ ዲላል፣ ሐውሳ ዲላሊ ይለዋል። የሕንዱ የሙምባይ አክሲዮን ገበያ የሚገኝበት ጎዳና ስሙ ዳላል ስትሪት ነው፤ የደላሎች ጎዳና እንደ ማለት። ዐረቦች ራሳቸው ዛሬ የቤት አሻሻጩን ሲምሳር ማለት ይቀናቸዋል፤ ይህም ወደ ጣሊያንኛ ተሻግሮ ሰንሳሌ ሆኗል።

በእኛ አካባቢም መንገድ ማሳየትና ማገበያየት የአንድ ሰው ሥራ የነበረበት ዘመን አለ። ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወስደው የሲራራ መንገድ እንግዳ ነጋዴ ያለ አባን አይንቀሳቀስም ነበር። አባን ጠባቂው፣ አስተርጓሚው፣ ዋጋ ተደራዳሪው ነው። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ስለ አባን በጉዞ መጽሐፉ በሰፊው ጽፏል። ያን ጊዜ መንገድ የማያውቅ ሰው ንብረቱንም ሕይወቱንም ሊያጣ ይችል ስለነበር ለመሪው መክፈል ማንንም አያስቆጭም ነበር።

አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ደላላ ክፉ ጎረቤት ገጠመው። ቋንቋችን ደለለ የሚል ግሥ አለው፤ ማባበል፣ መሸንገል፣ በጥቅም ማማለል ነው። መደለያ የምንለው ከዚህ ነው። መንገድ የሚያሳየው ደላላና የሚያባብለው ደላይ በድምፅ ተገጣጠሙ፤ የሰው ጆሮም አንድ አደረጋቸው። «ደላላ አይደውልም» የሚለው ሐረግ ይህን ጥርጣሬ በሁለት ቃል ይናገራል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ነገር ግን ሥራውን ከስሙ ለይቶ ማየት ይጠቅማል።

ሕጉ ለይቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግ ደላላን ሲተረጉም፣ ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ ለጥቅም፣ ውል ሊዋዋሉ የሚችሉ ሰዎችን የሚያገናኝ ይለው ነበር። «ራሱን ችሎ» የሚለው ቁም ነገር ነው። ደላላ የሻጭ ሰው አይደለም፤ የገዥም ሰው አይደለም። ሥራው ማገናኘት ነው። ቤትዎን ለማየት የመጣው ደላላ «እትዬ፣ እኔ ለእርስዎ ነው የቆምኩት» ሲል፣ ትናንት ማታ ለገዥውም እንዲሁ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ማገናኘት ሁለት ወገን ይፈልጋልና። ስለዚህ የዋጋዎን የመጨረሻ ወለል ለእርሱ መንገር ለገዥው መንገር ነው።

ለሻጭ የሚቆመው ሌላ ቃል ነው፦ ወኪል። ይህም ከዐረብኛው ወኪል ጋር አንድ ነው፤ ግን በግዕዝ ተወከለ ታመነ፣ ተማመነ ማለት ስለሆነ ቃሉ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ወኪል በእርስዎ ስም ይናገራል፣ ይፈርማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ቤት እንዲሸጥ አይፈቅድለትም፤ ለዚህ ልዩ ሥልጣን በግልጽ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል። «ለማመላለሱ እንዲመቸኝ ውክልና ይስጡኝ» የሚል ደላላ ከማገናኘት ወደ መፈረም ሊሻገር ነው። ካልተረዱት አይፈርሙ።

ክፍያው ኮሚሽን ይባላል። የላቲኑ ሥር ኮሚተሬ ነው፤ አንድን ነገር ለሌላ ሰው አሳልፎ ማስረከብ፣ በእምነት መስጠት። አማርኛ ይህን ሐሳብ አደራ በሚል ቃል ሲገልጸው ኖሯል። ልዩነቱ አደራ በነፃ ሲሆን ኮሚሽን የሚከፈልበት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት ሽያጭ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ቁጥር 2 በመቶ ነው። ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ሊደራደሩበት ይችላሉ። 8 ሚሊዮን ብር በተሸጠ ቤት ላይ 2 በመቶ 160,000 ብር ነው። ከአንድ ወገን ነው ወይስ ከሁለቱም? ሦስት ደላሎች ተቀባብለው ገዥ ቢያመጡ አንዱን 2 በመቶ ይካፈላሉ ወይስ እያንዳንዳቸው ይጠይቃሉ? ክርክር የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ መልሱም ገዥ ከመምጣቱ በፊት በወረቀት ላይ መስፈር አለበት።

ሌላም ዓይነት ስምምነት አለ። ደላላው «ለእርስዎ 7 ሚሊዮን በእጅዎ ይግባ፤ ከዚያ በላይ የሸጥኩት የእኔ ነው» ይላል። ሻጩ ከኮሚሽን ነፃ የሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን ቤቱ 8 ሚሊዮን ከወጣ ደላላው የወሰደው 1 ሚሊዮን ነው፤ ከመቶ ሲሰላ 12.5። ዋጋውን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ስለሆነም ገዥና ሻጭ እንዳይገናኙ የሚተጋው እርሱ ይሆናል። የማገናኘት ሙያ ወደ ማለያየት የሚገለበጠው በዚህ ነው።

ዋጋ ተቆርጦ ቀብድ ይመጣል። የዐረብኛው ቀብድ መጨበጥ፣ በእጅ ማስገባት ነው። ግዕዝ ለዚሁ ነገር ከግሪክ የመጣ ዐረቦን የሚል ቃል ነበረው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥22 ላይ መያዣ ብሎ ተርጉሞታል፤ ያዘ ከሚለው ግሥ። ገበያው ግን ቀብድን መረጠ፣ ሕጉም ተቀበለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1883 ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። አንቀጽ 1885 ደግሞ ጥርስ አለው፦ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። 200,000 ብር ቀብድ ተቀብሎ በሳምንቱ የተሻለ ዋጋ ሰምቶ ሐሳቡን የቀየረ ሻጭ 400,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ቀብድ በደላላ እጅ እንዲቀመጥ አለመፍቀድ ብልህነት ነው፤ ቃሉ ራሱ የጨበጠውን ሰው ይጠይቃል።

ከሁሉ ይልቅ ታሪክ የተጫነው ቃል ግን የሚሸጠው ነገር ስም ነው። አያቶቻችን ርስት ይሉ ነበር። ሥሩ ወረሰ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ያን ጊዜ ሕዝቡ «ቤታችን ተወረሰ» አለ። አንዱ ግሥ ወረሰ ርስትንም ሰጥቶ፣ ርስት መቀማትንም ሰየመ። ብዙ የጉለሌ ቤት የቀበሌ ቤት የሆነው ከዚህ በኋላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ ርስት ከቤት ሽያጭ ውል ወጣ፣ ቦታውን ይዞታ ያዘው። ወረሰ ቀርቶ ያዘ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ ቤት ሲሸጡ የሚሸጡት ግንባታውንና ቦታውን የመያዝ መብት ነው፤ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ቀሪው የሊዝ ክፍያም ተከትሎት ይሄዳል።

ይዞታውን የሚያረጋግጠው ካርታ ነው። የጣሊያንኛው ካርታ ወረቀት ማለት ሲሆን፣ የግዕዙ ክርታስም ወደ ኋላ ቢከተሉት ከዚያው ከግሪኩ የወረቀት ስም ይገጥማል። በአንጻሩ ካርታ የሌለውን፣ በሌሊት ተሠርቶ ያደረውን ቤት ሕዝቡ ጨረቃ ቤት ብሎታል፤ ይህን ቃል ከማንም አልተዋስነውም። ደህና ደላላ ቤቱን ከማየቱ በፊት ካርታውን ይጠይቃል፦

«እትዬ፣ ካርታው በስምዎ ነው?»

«በሟቹ ባለቤቴ ስም ነው፣ ልጄ።»

«እንግዲያው የወራሽነት ማስረጃው ይቅደም። ዕዳና እግድ አለበት?»

እንዲህ የሚጠይቅ ደላላ ሥራውን ያውቃል። ባልና ሚስት በሕይወት ካሉና ቤቱ የጋራ ከሆነ በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ መሠረት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህን ሳይጠይቅ ገዥ የሚያመጣ ደላላ የሁላችሁንም ጊዜ ያባክናል።

መጨረሻው ውልና ማስረጃ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቢቀያይርም ሕዝቡ እንደዚያ ማለቱን አልተወም። ውል በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዘንድ የክሩ ጫፍ ነው፤ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት አይፈታም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭም በጽሑፍ ካልሆነ በአንቀጽ 2877 መሠረት አይጸናም። ከዚያ ስም ማዛወር ይከተላል፣ ከእርሱም ጋር አሹራና ቴምብር። አሹራ ከዐረብኛው ዑሹር ነው፤ ዐሥረኛ እጅ። የእኛ ዐሥራት የሥጋ ዘመዱ ነው። ስሙ ዐሥር ይበል እንጂ አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ልክ 4 በመቶ ነው። ቴምብር ከፈረንሳይኛ ነው፤ የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮችም የታተሙት ፓሪስ ነበር። የስም ዝውውር ቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። ሁለቱ ተደምረው 6 በመቶ፤ በ8 ሚሊዮን ላይ 480,000 ብር። የደላላው ሦስት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ክፍያ ግን በሰፈር የሚጮህ የለም። በልማድ ገዥ ይከፍላል፤ ይሁንና ውሉ ላይ «ወጪው የገዥ ነው» ተብሎ ካልተጻፈ ልማድ ለክርክር በር ይከፍታል።

ደላላን መጥላት ከወጪ አያድንም፤ ማስታወቂያ ላይ «አይደውልም» ማለትም አላስቀረውም። የሚያድነው ደላላውን በቃሉ ትርጉም መያዝ ነው፦ መንገድ አሳይ፣ ገዥ አምጣ፣ ስንት በመቶ እንደምትወስድና ማን እንደሚከፍልህ በወረቀት አስቀምጥ፤ ኮሚሽንህንም ሽያጩ ሲጸና ተቀበል። ቀብዱ በሻጭ እጅ፣ ካርታው በሻጭ ቤት፣ ፊርማው በሻጭ ጣት ይቆይ። ቤት ልትሸጡ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ይህን ለመፈረም የማይፈቅድ ደላላ ሲገጥማችሁ በጨዋነት ሸኙት፤ ነገ ሌላ ይደውላል።