የጣርማ በር ቁልቁለትና የጎሚኒ ሥራ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ደብረ ብርሃንን ከደብረ ሲና በመኪና መንገድ ሲያገናኝ፣ ከባድ መኪኖች ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ በፍሬን ብርታት ይወርዱ ጀመር። የፍሬኑ ብርታት ደግሞ በትንሽ የጎማ ቁራጭ ላይ ይንጠለጠላል፤ እንደ ኤንትሬ ፊያት ያለ የቀድሞ ዘመን የጭነት መኪና ሲያረጅ ቀድሞ የሚከዳው ብረቱ ሳይሆን ጎሚኒው፣ ማለትም በብረት ክፍሎች መካከል ገብቶ ንዝረት የሚያበርደው ወይም ፈሳሽ እንዳያፈስ የሚያግደው የጎማ ቁራጭ ነው፤ ፀሐይና ዕድሜ አድርቀው ይሰነጣጥቁታል፣ ከተፈጥሮ ጎማ የተሠራ ከሆነም የሞተር ዘይት ያሳብጠዋል። መለዋወጫ ሲጠፋ፣ በረባሶ ጫማ ከሚወጣበት ከዚያው ያረጀ ጎማ ላይ በስለት ቆርጦና ሞርዶ የባሌስትራ (የመኪናው ተደራራቢ የብረት ሞላ) ጎሚኒ ማበጀት፣ ጎማው ጭነትን ስለሚችል፣ የሚመሰገን ብልሃት ነው። የፍሬን ጎሚኒ ግን የፍሬን ዘይት ከሚቋቋም ጎማ በልኩ በቅርጽ ማውጫ ካልተሠራ፣ በጣርማ በር ቁልቁለት የሰው ሕይወት ሊጣልበት አይገባም።