ያዮ–አዲስ አበባ (የጉዞ ርቀት)

ያዮ ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የኢሉባቦር ዞን ከተማ ስትሆን፣ በጅማ በኩል ከአዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአየር መስመር ግን ርቀቱ 330 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ መንገዱ የጊቤን ሸለቆ ተሻግሮ ጅማ ከደረሰ በኋላ በአጋሮና በበደሌ በኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለሚታጠፍ ይረዝማል። ወደ ያዮ ቀጥታ በረራ የለም። በአውሮፕላን የሚሄድ መንገደኛ አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፤ ከዚያ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና ጉዞ ይቀረዋል። የያዮ አካባቢ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የቡና ደን መገኛ ነው፤ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የዱር ዐረቢካ ቡና ይበቅልበታል።