ለስንት ሰው ስንት ጭፈራ ቤት?

ኢንተርኔት ላይ ደጋግሞ ብቅ የሚል አንድ የደረጃ ሰንጠረዥ አለ። በአሜሪካ ከተሞች ያሉትን ራቁት ዳንስ ቤቶች ቆጥሮ ለሕዝቡ ቁጥር ያካፍላል። ከላይ ከሚቀመጡት አንዷ አብዛኛውን ጊዜ የኦሪጎኗ ፖርትላንድ ናት። ያየ ሁሉ "የዚያ አገር ሰው ምን ነክቶት ነው?" ይላል። ሰዉን ምንም አልነካውም። የኦሪጎን ሕገ መንግሥት ሐሳብን ስለመግለጽ የሚደነግገው ክፍል ሰፊ ስለሆነ ፍርድ ቤቶች ራቁት ዳንስንም በዚያው ጥላ ስር አስገብተውት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናይሳ የምትባል ወደ 3 ሺህ ሰው ያላት ከተማ ያወጣችውን "ጨፋሪዋ ከደንበኛው 4 ጫማ ትራቅ" የሚል ደንብ ሽሮታል። ናይሳ ደግሞ የአይዳሆ ድንበር ላይ ናት፤ አይዳሆ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ራቁት መደነስን ትከለክላለች። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ2010 በሠራተኛ ራቁትነት ማትረፍን በሕግ ከለከለች። የሕዝቧ ቁጥር በዚያ ቀን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሕጉ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። "ለአንድ ሺህ ሰው ስንት" የሚል ነገር ሳይ መጀመሪያ የማየው አካፋዩን ነው። ይኸው ስሌት ለኢትዮጵያ ይሠራ ቢባል አካፋዩም ተካፋዩም አይገኙም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በሙሉ ደግሞ 784 ሺህ ገደማ ሰው ነበራቸው። ከዚያ ወዲህ የተወለደውን፣ የተሰደደውን፣ በተለይ እኛ መተከል ውስጥ የተፈናቀለውን ማን ቆጠረው? ተካፋዩማ ይብሳል። "ራቁት ዳንስ ቤት" ብሎ ፈቃድ ለማውጣት የሚሰለፍ ነጋዴ የለም፤ ቢኖርም በሩ ላይ የሚሰቀለው "ምሽት ክበብ" የሚል ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ነጻ ካርታ ለራቁት ዳንስ ቤት የራሱ መለያ አለው፤ ለጠጅ ቤት ግን የለውም። ካርታውን የሠሩት ሰዎች ከየት እንደሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ስለዚህ ጥያቄውን በእኛ ቤቶች ስም እንጠይቀው፦ ጠጅ ቤት፣ ቡና ቤት፣ አዝማሪ ቤት፣ ግሮሰሪ፣ ናይት ክለብ። ወንድ ከፍሎ የሚጠጣበት፣ ሴት ደግሞ ቀድታ፣ ጨፍራ፣ አንዳንዴም ገላዋን ሸጣ የምታድርበት ቤት። የት በዛ? የኔ መልስ አጭር ነው፦ ሰው የበዛበት ሳይሆን፣ ከቤቱ የራቀ ወንድ ደመወዝ የሚቀበልበት ቦታ።

ነገሩ የቆየ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1974 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ በአገራችን ስላለው የሴተኛ አዳሪነት ታሪክ አንድ ጽሑፍ አውጥቷል። ነገሥታቱ ከተማቸውን በድንኳን እያዘዋወሩ በሚኖሩበት ዘመን ሴቶቹም ከሠራዊቱ ጋር ይጓዙ ነበር። ከተማው ራሱ የጦር ሰፈር ነው፤ ሰፈሩ ሲነሣ ኮማሪቷም ትነሣለች። ከዚያ ባቡር መጣ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት ትቶ ቆላው ላይ ስለቀረ ነው። ደመወዝተኛው ወንድ ከቤተሰቡ ርቆ የሰፈረው ከሐዲዱ ጋር ነው፤ ቡና ቤቱም እዚያው።

አዲስ አበባ ላይ ጣሊያን የራሱን ትቶ ሄደ። ካዛንቺስ የሚለው ስም የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚሠሩበት ድርጅት ስም ነው፤ "ካዛ ኢንቺስ"። የቢሮክራት መኖሪያ ተብሎ የተሠራ ሰፈር በኋላ የአዝማሪ ቤት ሰፈር ሆኖ መታወቁ ያስቀኛል። ከፒያሳ በላይ ደግሞ በደጃዝማች ውቤ ስም የተጠራው ሰፈር ውቤ በረሃ ተባለ፤ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ሌቱም አይነጋልኝን የጻፈው በዚያ ሰፈር ሕይወት ላይ ነው። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሙዚቃው አልቆመም፤ በሩ ተቆልፎ እስኪነጋ ተጨፈረ። የቤቶቹን ቁጥር ብቻ የያዘ ሰው "ቀነሰ" ይላል፤ ውስጥ ያደረው ሰው ግን ሌላ ያወራል።

ሕግና ድንበር ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ለማየት ናይሳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። መተማ ዮሐንስ አለችልን። እ.ኤ.አ. በ1983 ኒሜሪ በሱዳን ሸሪዓ አውጆ መጠጥ ከከለከለ በኋላ ቢራ የፈለገ ሱዳናዊ ድንበሩን በእግሩ መሻገር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። የመተማን ቡና ቤቶች ለመተማ ነዋሪ ብታካፍላቸው ጉድ የሚያሰኝ ቁጥር ታገኛለህ። ደንበኛው ግን የተቆጠረው ሌላ አገር ነው። ከ1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር ደግሞ አፋር ውስጥ ሎጊያና ሚሌ የሹፌር ማደሪያ ሆኑ። ሹፌሩ አንድ ሌሊት ነው የሚያድረው። እሱም በየትኛውም የሎጊያ ቆጠራ ውስጥ የለም።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ግልገል በለስ የመተከል ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከወንዙ ነው። ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አገው፣ አማራው፣ ኦሮሞው በየቤቱ ቦርዴውንም ጠላውንም ይጠምቅ ነበር፣ አሁንም ይጠምቃል። በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ወደ 45 በመቶው ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ አሶሳንና መተከልን አንድ ላይ ጨፍልቆ "የክልሉ አማካይ" ማለት ከመጀመሪያውም ትርጉም የለውም።

እዚህ ደመወዝ በገፍ የገባው በፕሮጀክት ነው። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ደርግ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ሐዲያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አምጥቶ ፓዌ አሰፈረ። ለሰፈራዎቹ ስም እንኳ አልተረፈም፤ መንደር አንድ፣ መንደር ሁለት እየተባሉ ቁጥር ተሰጣቸው፤ ዛሬም የሚጠሩት በቁጥር ነው። ጉሙዙ በገዛ መሬቱ እንግዳ የሆነው ያኔ ነው፤ የዚያ ቁስል እስከ ዛሬ አልዳነም። የጣሊያኑ ሳሊኒ የጣና በለስን ፕሮጀክት ይዞ መጣ፤ ደርግ ሲወድቅ ትቶት ሄደ። ተመልሶ በለስ ላይ የኃይል ማመንጫ ሠራ፤ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ዓመት ሳይሞላ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ መሠረት ተጣለ። ሠሪው? ሳሊኒ።

የቻግኒ፣ ግልገል በለስ፣ ማንኩሽ መንገድ ከዚያ ወዲያ የሲሚንቶ ጫኝ መኪና መንገድ ሆነ። ሺዎች ግድቡ ላይ ሠሩ፤ አብዛኞቹ ወንዶች፣ አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ የመጡ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ግሮሰሪው፣ ቀይ አምፖሉ፣ የስፒከሩ ጩኸት ተከተለ። በውስጡ የሚሠሩት ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ከሌላ ቦታ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. መተከል በደም ስትታመስና ዞኑ በኮማንድ ፖስት ስር ሲሆን መንገዱ አስፈሪ ሆነ፤ ቤቶቹ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። መከላከያም ወንድ ነው፣ ደመወዝም አለው።

ይሄ ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም። በጀት፣ ኮንዶም፣ የኤችአይቪ መመርመሪያ፣ የጤና ባለሙያ የሚመደበው የተመዘገበ ሕዝብ እየታየ ከሆነ፣ በትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ትልቅ ገበያ ምንም አይደርሰውም። የክልል አማካይ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ላይ የተደረደሩ ሴቶችን ይደብቃል። ሴቶቹ መታወቂያቸው የሌላ ወረዳ ስለሆነ እዚህ ቢታመሙ የማን ናቸው? ቆጠራ ቢካሄድስ በየትኛው ቤት አደሩ ተብለው ይመዘገባሉ? እኔን የሚያሳስበኝ የቤቶቹ ብዛት ሳይሆን ይሄ ነው። ብዛቱ ላይ ሰባኪም ካድሬም ሁሉም አስተያየት አለው።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሠራተኛው ከዚያ በፊት ጀምሮ ነው እየቀነሰ የመጣው። እዚህ ሰፈር ግሮሰሪ ያላት አንዲት ሴት ኮምፒውተር ላይ እንደምውል ስለምታውቅ፣ ባለፈው ስለ ቢሾፍቱው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ጠየቀችኝ፦ ሥራው መቼ በደንብ እንደሚጀምር፣ ካምፑ በየትኛው በኩል እንደሚሆንና አቡሴራ አካባቢ ቤት ኪራይ ስንት እንደገባ። የኪራዩን አላወቅኩትም፤ እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ሰው ልካ አስጠይቃለች።