ሰርፋክታንት፦ መድኃኒቱን ወደ ጨቅላው ሳምባ የማድረስ ታሪክ

ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕጻናት ትንፋሽ ለምን ያጥራቸዋል? ሕክምናውስ እዚህ የደረሰው እንዴት ነው? ዛሬ ይህን ታሪክ ባጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦገስት 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከቀኑ አምስት ሳምንት ተኩል ያህል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ገደማ ነበር። ወዲያው ትንፋሽ አጠረው። ቦስተን ከተማ ወደሚገኝ የሕጻናት ሆስፒታል ቢወሰድም በተወለደ በ39 ሰዓቱ አረፈ። ገንዘብም ሐኪምም አልጎደለም። የጎደለው ሰርፋክታንት ነበር።

ሰርፋክታንት ምንድን ነው? ሳምባችን ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጣቸው እርጥብ ነው። እርጥብ ፌስታል ተጣብቆ አልከፈት እንደሚል ሁሉ እነሱም ይጣበቃሉ። ሰርፋክታንት ሳምባ ራሱ የሚያመርተው፣ ይህን መጣበቅ የሚከላከል ቅባትነት ያለው ነገር ነው። በበቂ መጠን የሚመረተው ግን በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ፓትሪክ ከመወለዱ አራት ዓመት በፊት፣ በ1959፣ ሜሪ ኤለን ኤቨሪ እና ጄር ሚድ እዚያው ቦስተን ውስጥ ምክንያቱን አሳይተው ነበር። ምክንያቱ ታውቋል፤ መድኃኒቱ ግን ገና አልነበረም።

በ1960ዎቹ ሐኪሞች ከሰርፋክታንት ቅባቶች ዋናውን ብቻ እንደ ጭጋግ በትነው ሕጻናቱ እንዲተነፍሱት ሞከሩ። አልሠራም። አንዱ ቅባት ብቻውን ሳምባ ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፤ ወደ ሳምባ የሚደርሰውም ጥቂት ነበር። በ1972 ኤንሆርኒንግ እና ሮበርትሰን የተባሉ ስዊድናውያን የተፈጥሮውን ሰርፋክታንት ያለጊዜያቸው በተወለዱ ጥንቸሎች የመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ ሲጨምሩት ሳምባቸው ተከፈተ። በ1980 ጃፓናዊው ፉጂዋራ ከላም ሳምባ የተዘጋጀ ሰርፋክታንት በቱቦ ለ10 ሕጻናት ሰጡ። የሕጻናቱ ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ተሻሻለ።

ሌላ ችግር ግን ቀረ። ቱቦውና የመተንፈሻ ማሽኑ ራሳቸው ስስ የሆነውን ሳምባ ሊጎዱት ይችላሉ። ስለዚህ በ1990ዎቹ ዴንማርካውያን ሐኪሞች ቱቦውን አስገብተው፣ መድኃኒቱን ሰጥተው፣ ቶሎ በማውጣት ሕጻኑን በአፍንጫ በሚሰጥ የአየር ግፊት (ሲፓፕ) ላይ ማድረግ ጀመሩ። ቀጥሎም በተለይ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ፣ ሕጻኑ በሲፓፕ ራሱ እየተነፈሰ ሳለ መድኃኒቱን በጣም በቀጭን ቱቦ መስጠት ተስፋፋ። በራሳቸው ለሚተነፍሱ ጨቅላዎች ዛሬ በአውሮፓ የሚመረጠው ይህ ነው። በጭጋግ መልክ የመስጠቱ ሐሳብም ዛሬ በተሻሉ መሣሪያዎች እንደገና እየተጠና ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ በ2019 የታተመ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረገ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕጻናት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ይኸው የሳምባ ችግር መሆኑን አሳይቷል። ሰርፋክታንት ውድ ነው፤ በየሆስፒታሉም አይገኝም። ይህ ማለት ግን ተስፋ የለም ማለት አይደለም። ብዙ ሕጻናት በሲፓፕ ብቻ ይድናሉ። ከ1972 ጀምሮ የሚታወቅ ሌላም መላ አለ፦ ያለጊዜው ልትወልድ ለተቃረበች እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የጽንሱ ሳምባ ቶሎ እንዲጎለብት ያደርጋል። መርፌው ግን የሚጠቅመው ከወሊድ በፊት ሲሰጥ ነው።

ስለዚህ እናቶች፣ ቀናችሁ ሳይደርስ ምጥ ከጀመራችሁ ወይም የሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ «እስኪ ይለፍልኝ» ብላችሁ ቤት አትቆዩ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ጨቅላው ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረም እንዲሁ ፈጥናችሁ ውሰዱት። ልጃችሁ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባም ምን እየተሰጠው እንደሆነና እንዴት እንደሚሰጠው ሐኪሙን ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ይህን ጽሑፍ ለምታውቋት ነፍሰ ጡር አጋሩላት።