ኒል ያንግ፦ ለአርሶ አደሩ የቆሙት አንጋፋ የሮክ ሙዚቀኛ

ካናዳዊው ኒል ያንግ ለስድሳ ዓመታት ያህል በመድረክ ላይ የቆዩ የሮክ ሙዚቃ ደራሲ፣ ድምፃዊና የጊታር ተጫዋች ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ጊታርና ሐርሞኒካ ይዘው በለሆሳስ ያንጎራጉራሉ፤ ሌላ ጊዜ ከባንድ ጋር ሆነው አዳራሽ የሚያናውጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ያሰማሉ። ስልታቸውና አጋሮቻቸው ቢለዋወጡም ላለፉት አርባ ዓመታት ያልተውት ጉዳይ የአነስተኛ አርሶ አደሮች ሕልውና ነው። የዚህ ጉዳይ መነሻም ከ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ድርቅ ጋር የተያያዘ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ጅማሮ

ኒል ያንግ በ1945 በቶሮንቶ ከተማ ተወለዱ። የልጅነታቸውን የተወሰነ ጊዜ ያሳለፉት ኦሜሚ በተባለች አነስተኛ የገጠር ከተማ ሲሆን፣ በ1951 በልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) ተይዘው ተርፈዋል። በወጣትነታቸው በዊኒፔግ ከተማ ሙዚቃን ጀመሩ። በ1966 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ባፋሎ ስፕሪንግፊልድ የተባለውን ባንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ።

የመድረክ ሥራዎችና የጥበብ አጋሮች

በ1969 ሁለት የተለያዩ ጥምረቶችን በአንድ ጊዜ ያዙ። ከክሮስቢ፣ ስቲልስና ናሽ ጋር በድምፅ ቅንብር የታወቀ ቡድን አባል ሆነው በዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ ተሳተፉ። ክሬዚ ሆርስ ከተባለው ባንድ ጋር ደግሞ ረጃጅም የጊታር ጨዋታ ያለበትን፣ ሸካራና ያልተሞረደ ድምፅ አዳበሩ። ከዚህ ባንድ ጋር ያላቸው አጋርነት እየተቋረጠና እየተቀጠለ ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል።

በ1971 በቶሮንቶው ማሲ አዳራሽ ብቻቸውን ያቀረቡት ዝግጅት ተቀርጾ ቆይቶ በ2007 በአልበም ታትሟል። በ1979 የወጣው አልበማቸው ሁለቱን ገጽታቸውን አጣምሮ ይዟል፤ ግማሹ ለስላሳ የብቻ ዜማ፣ ግማሹ የክሬዚ ሆርስ ጩኸት ነው።

በ1984 እና በ1985 በገጠር አሜሪካ የሚወደደውን የካንትሪ ሙዚቃ ስልት ይዘው፣ የአጨዳ ማሽንን በሚያስታውስ ስም ከተጠራው ኢንተርናሽናል ሃርቨስተርስ ባንድ ጋር ተዘዋወሩ። በ1988 በነፋስ የትንፋሽ መሣሪያዎች የታጀበ የብሉዝ ባንድ መሩ። በ1995 ደግሞ በዕድሜ ከሚያንሷቸው የፐርል ጃም አባላት ጋር አልበም ሠሩ። በዚያው ዓመት ለዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ ፊልም ምስሉን እየተመለከቱ በጊታር የፈጠሩት ማጀቢያ ከፊልሙ ጋር ለሕዝብ ቀርቧል።

ከኢትዮጵያ ድርቅ እስከ አሜሪካ ገበሬዎች

በ1985 የካናዳ ሙዚቀኞች በኢትዮጵያ በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች እርዳታ ለማሰባሰብ ባወጡት የኅብረት ዜማ ላይ ኒል ያንግ ድምፃቸውን አሰምተዋል። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርትም በፊላደልፊያው መድረክ ተገኝተዋል።

በዚያ ዕለት ቦብ ዲላን ከገቢው ጥቂቱ የአሜሪካ ገበሬዎችን የባንክ ዕዳ ለመክፈል ቢውል መልካም ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። የኮንሰርቱ አስተባባሪ ቦብ ጌልዶፍ ሐሳቡን አጥብቀው ነቀፉ። ሕይወትን ማጣትና ንብረትን ማጣት እኩል የሚታዩ አይደሉምና ነቀፌታው መሠረት ነበረው። ሆኖም የገበሬዎቹም ችግር እውነተኛ ነበር። በ1970ዎቹ የእህል ዋጋና የመሬት ዋጋ ሲያሻቅብ ብዙዎች ተበድረው እርሻቸውን አስፋፉ። በአሜሪካ መሬት የግል ንብረት በመሆኑ ለብድሩ ዋስትና የተያዘው ራሱ መሬቱ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የብድር ወለድ ሲንር፣ የእህልና የመሬት ዋጋ ሲወርድ፣ ከወላጅ የተወረሰ እርሻ በሐራጅ መሸጥ የዘወትር ዜና ሆነ።

ከዚህ በኋላ ዊሊ ኔልሰን፣ ኒል ያንግና ጆን ሜለንካምፕ ፋርም ኤይድ የተባለውን ዝግጅት አሰናዱ። የመጀመሪያው ኮንሰርት መስከረም 12 ቀን 1978 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት ሻምፔይን ከተማ ተካሂዶ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበበት። በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት የገበሬዎችን ዕዳ የሚያቃልል የግብርና ብድር ሕግ ሲያወጣ፣ ኔልሰንና ሜለንካምፕ ገበሬዎችን ይዘው በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ነበር።

ፋርም ኤይድ የአንድ ቀን ዝግጅት ሆኖ አልቀረም። በዕዳና በአደጋ ለተጨነቁ ገበሬዎች በስልክ ምክር ይሰጣል፤ የገበሬ ማኅበራትን በገንዘብ ይደግፋል። ከምሥረታው ጀምሮ ከ80 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቧል።

በዘር ጉዳይ ላይ የያዙት አቋም

በ2015 ኒል ያንግ ከዊሊ ኔልሰን ልጅ ከሉካስ ኔልሰን ባንድ ጋር በመሆን ሞንሳንቶ የተባለውን የዘር ኩባንያ የሚተች አልበም አወጡ። የትችቱ ማዕከል ልውጥ ዘርና በፈጠራ መብት የተጠበቀ ዘር ነው። እንዲህ ያለውን ዘር የገዛ ገበሬ ከምርቱ አስቀርቶ በቀጣዩ ዓመት እንዳይዘራ በውል ይከለከላል። ኩባንያዎቹ ለምርምር ያወጡት ወጪ ሊመለስላቸው እንደሚገባ ይከራከራሉ፤ ተቺዎች ደግሞ ገበሬው ዘሩን ከጎተራው የመምረጥ ነፃነቱን ያጣል ይላሉ።

ኒል ያንግ በ2025 የፋርም ኤይድ 40ኛ ዓመት በሚኒያፖሊስ ከተማ ሲከበር፣ በ79 ዓመታቸው ክሮም ሃርትስ ከተባለው አዲስ ባንዳቸው ጋር በመድረኩ ላይ ሥራቸውን አቅርበዋል።