ቀሪ ልጅ፣ ቅጣትና የቦረና ወቅቶች



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል፦ ልጁን በትምህርት ወራት ከትምህርት ቤት ያስቀረን ወላጅ መንግሥት ሊቀጣ የሚገባው መቼ ነው? ጥያቄውን በያቤሎ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሌላው ዓለም ክርክሩ ስለ ሽርሽር ነው፤ በዚህ ግን ልጅ ከክፍል የሚታጣው በውሃና በግጦሽ ምክንያት ነው። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአገራችን ቅጣቱ የመንግሥት ትምህርት ቤትን ቀድሞ ታወጀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1906 ባወጡት አዋጅ ወንድም ሆነ ሴት ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት እንዲገባ አዘዙ። ልጁን ለማስተማር ያልጣረ ወላጅ ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት እንዲሆን ተደነገገ። ትምህርት ቤት ማዘጋጀትና መምህር ማቅረብ ግን የመንግሥት ፋንታ መሆኑን አዋጁ ራሱ አስታውቋል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በ1908 ሲከፈት በግብፃውያን ኮፕት መምህራን ነበር ሥራውን የጀመረው። በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ግን የአዋጁ ግዴታ የሚፈጸምበት ትምህርት ቤት አልነበረም።

እኔ ይህን አዋጅ እንደ ውል አነበዋለሁ። ወላጅ ልጁን ይልካል፣ መንግሥት ትምህርት ቤቱን ያቆማል፤ አንደኛው ወገን ድርሻውን ሳይፈጽም ሌላውን መቅጣት አይችልም። የቅጣቱም ዓይነት ልብ ሊባል ይገባል። አዋጁ ያስፈራራው ውርስን በመንጠቅ ነው። ከብት አርቢ አባት ግን ልጁን ከመንጋው ጋር የሚልከው ያንኑ ውርስ ለማትረፍ ነው።

ለንጽጽር እንግሊዝን እንመልከት። በዚያ መማር ግዴታ የሆነው በ1880 ነው። ዛሬ በትምህርት ወራት ልጁን ለዕረፍት ይዞ የሚሄድ ወላጅ 80 ፓውንድ ይቀጣል፤ በ21 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ቅጣቱ ወደ 160 ያድጋል። ልጁን ለሰባት ቀን ወደ አሜሪካ የወሰደ አንድ አባት ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢያደርስም በ2017 ተረታ። ይሁን እንጂ የዚያው አገር ሕግ ሥራው ከቦታ ወደ ቦታ ለሚያዘዋውረው ቤተሰብ ልዩ አንቀጽ አለው፤ ልጁ በ12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 200 የግማሽ ቀን ክፍለ ጊዜ ከተማረና ሥራው በፈቀደው መጠን ከተገኘ ወላጁ ጥፋተኛ አይባልም። የዚህ ሐሳብ ሥር የምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተበት በ1908 በወጣው የሕፃናት ሕግ ይገኛል፤ ሕጉ ተዘዋዋሪዎቹ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 200 ጊዜ እንዲማሩ ጠይቆ የበጋውን ወራት ይተውላቸው ነበር። ስለዚህ ጥብቁ ሕግ እንኳ ሽርሽርንና ኑሮን ለይቶ ያያል።

ወደ ቦረና ልመለስ። እዚህ መንጋው በሁለት ይከፈላል፦ የሚታለቡት ላሞች በመንደር አካባቢ ይቀራሉ፤ ፎራ የሚባለውን መንጋ ግን ወጣቶች ይዘው ርቀው ይሄዳሉ። ዋናው ዝናብ ጋና ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አነስተኛው ሐጋያ በመስከረምና በኅዳር መካከል ይጥላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ቦና ግን ደረቅ ነው፤ ያን ጊዜ መንጋው ይርቃል፣ የቱላ ጥልቅ ጉድጓዶችም በሰው ሰንሰለት ይቀዳሉ፣ ሴቶች ልጆች ውሃ ፍለጋ ይውላሉ። የትምህርት ዘመኑ ከመስከረም እስከ ሰኔ ነውና ቦና በመካከሉ ይወድቃል። ረጅሙ ዕረፍት የሚገጥመው ከደጋው ክረምት ጋር ነው። አያንቱዎቹ ቀንን በጨረቃና በከዋክብት የሚቈጥሩለት ሕዝብ ልጆቹን የሚልከው በሌላ አገር ወቅት ወደ ተቃኘ ትምህርት ቤት ነው። ከ2020 ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ራቁ። እነዚህን ወላጆች መቅጣት ድርቁን በእነርሱ ላይ መመዝገብ በሆነ ነበር።

ይህን ስል ወላጅ ሁሉ ነጻ ነው ማለቴ አይደለም። ለመዳር ብሎ ልጁን ከክፍል የሚያወጣ በወንጀል ሕጉ መጠየቁ ተገቢ ነው። በዚያ ቦታ ልጅቱን የሚጠብቃት ቅጣቱ ነው።

አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት የአራቱን ክፍሎች ትምህርት በሦስት ዓመት አጠቃልሎ፣ ሰዓቱንም ከማኅበረሰቡ ጋር ተማክሮ ማስተማር እንደሚቻል አሳይቷል። ችግሩ ይህ ለታናናሾቹ ክፍሎች ብቻ መሆኑ ነው፤ ፎራ የሚወርደው ታላቅ ወንድም መደበኛው ትምህርት ቤት ውስጥ የደጋውን ወቅት ይጠብቃል። ስለዚህ የዛሬ መልሴ ይህ ነው፦ መንግሥት ቀሪውን ልጅ ከመመዝገቡ በፊት የትምህርት ዘመኑን ከቦና ጋር ያስታርቅ። የ1906ቱ ውል እስካሁን ያልተፈጸመው በዚህ በኩል ነው።