የጣርማ በር ዳገትና የሞተር አያያዝ ታሪክ

ብዙ ሰው የጣርማ በርን ታሪክ ሲያነሣ የሚናገረው ስለ ዋሻው ነው። ማን እንዳስቈፈረው፣ መቼ እንደ ተቈፈረ፣ ለምንስ የሙሶሊኒ ዋሻ እንደ ተባለ ይተረካል። ነገር ግን መንገድ ብቻውን እህል አያጓጉዝም፤ በሽተኛም ሐኪም ቤት አያደርስም። በዚያ ዳገት ላይ ሞተር ሳይጠፋባቸው ለማለፍ የደከሙት ሹፌሮች፣ ረዳቶችና መካኒኮች ታሪክ እምብዛም አልተጻፈም። ስለዚህ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ እነርሱ ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

አስቀድሞ አገሩን እንመልከት። የሸዋ ሮቢት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ጥቂት ዐሥር ኪሎ ሜትሮች ብቻ ተጕዞ ከ3000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሦ ገደማ ያንሳል። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው በአየር የሚኖር ነው። ከታች በይፋት ቆላ ሙቀትና አቧራ ያስጨንቀዋል፤ ከላይ ብርድና የአየር መሳሳት ያደክመዋል። ስለዚህም አንዱ ሞተር በአንድ ቀን ሁለት ፈተና ይቀበላል።

ኦቶሞቢል ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤንትሌ ሲድሌይ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አድርሷታል። በጣርማ በር ግን መኪና በብዛት የታየው በክፉ ቀን ነው። በ1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶልዮ ጦር ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ ተነሥቶ ከ1700 በላይ በሚሆኑ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። ጣርማ በር ሲደርስ የኢትዮጵያ ወገን መንገዱን አፍርሶት ስለ ነበረ ሁለት ቀን ያህል ተገትቶ መንገድ ሲጠግን ቆየ። ከዚያም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ያን ሁሉ ሞተር ለጊዜውም ቢሆን ያቆመው ተራራውና የፈረሰው መንገድ ነበረ።

በጠላት ወረራ ዘመን ዋሻው ተቈፈረ፤ ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ አሥመራ የሚወስደውም መንገድ ተሠራ። መንገዱ የተሠራው ለእኛ ጥቅም ሳይሆን ለወራሪው ጦርና ስንቅ ነው። በዚያ መንገድ ከተመላለሱት ካሚዮኖች አንዱ በ1923 ዓ.ም. የወጣው ፊያት 634 ሲሆን፣ የእኛ ሰዎች «ትሬንታ ኳትሮ» ብለው ጠሩት። 6 ሲሊንደር ያለው፣ በናፍጣ የሚሠራ ከባድ መኪና ነበረ።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ሙያው ግን በአገራችን ልጆች እጅ ቀረ። ለዚህም ምስክሩ ቋንቋችን ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ካንዴላ ማለትም በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሞተር ሥር ሆነው የተማሩ ረዳቶች በኋላ ራሳቸው መካኒክ ሆነው ሌሎችን አስተማሩ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ፣ ከዓለም ባንክም 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኝቶ የተጐዱት መንገዶች መጠገን ሲጀምሩ፣ የሹፌርና የመካኒክ ሙያ ይበልጥ ተፈላጊ ሆነ።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። በጣርማ በር ብርድ ያደረ የናፍጣ ሞተር ጠዋት ለምን አልነሣም ይላል? ሩዶልፍ ዲዝል በ1889 ዓ.ም. ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ አይፈልግም። ፒስተኑ አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ ይግላል፤ ናፍጣውም በዚያ ግለት ይቀጣጠላል። ሆኖም ብረቱ በብርድ ካደረ የአየሩን ሙቀት ይነጥቀዋል፤ ባትሪውም በብርድ ይደክማል። ስለዚህ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ውስጥ ማሞቂያ ካንዴላ ይገባል። ይህ ትንሽ ብረት በባትሪ ኀይል ከ800 ዲግሪ በላይ ግሎ ሞተሩን ያስነሣል። አንዱ ሲቃጠል ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም ሲቃጠሉ ደግሞ ያ ሁሉ ጭነት በብርድ ቆሞ ይቀራል።

የዚህ ብረት ታናሽ ወንድም በሬዲዮ በሚነዱ ትንንሽ መኪናዎች ውስጥ ይገኛል። አሜሪካዊው ሬይ አርደን በ1947 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ሞተሮች የሚሆን ማሞቂያ ካንዴላ ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ያለው የፕላቲኒየም ሽቦ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ባትሪው ቢነሣም ሜታኖል የተባለው ነዳጅ ከፕላቲኒየሙ ጋር ሲገናኝ ሽቦው እንደ ጋለ ይኖራል። ነዳጁ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀሉበት ነው።

ካንዴላውን መምረጥም ከአገሩ ጠባይ ጋር ይያያዛል። ሙቀትን በውስጡ የሚያቆይ «ሙቅ» ካንዴላ አለ፤ ሙቀቱን ቶሎ የሚለቅ «ቀዝቃዛ» ካንዴላም አለ። ለብርድና ለሳሳ አየር፣ እንደ ጣርማ በር ላለው ቦታ፣ ሙቁ ይሻላል። እንደ ሸዋ ሮቢት ላለ ሞቃት ቆላ፣ ናይትሮሜቴኑም ለበዛበት ነዳጅ፣ ቀዝቃዛው ይመረጣል። አየሩ በሳሳበት ቦታ የካርቡራተሩን መርፌ ጥቂት አጥብቆ ነዳጁን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ግን መልሶ ማላላት ይገባል። ይህ ከተረሳ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ከመጠን በላይ ይግላል፤ የሚቀባው ዘይትም ከነዳጁ ጋር ስለሚመጣ ፒስተኑ ይጐዳል።

ጥገናውም እንዲሁ ነው። አዲስ ሞተር በመጀመሪያ ነዳጅ በዝቶለት በዝግታ ይለማመዳል። የአየር ማጣሪያው በየጊዜው ታጥቦ ዘይት ይቀባል፤ የይፋት አቧራ ወደ ሲሊንደር ከገባ እንደ ሞረድ ይበላዋልና። ሥራ ሲያበቃ የቀረው ነዳጅ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ይደረግና ጥቂት የዘይት ጠብታ ይጨመራል። ይህም ሜታኖል እርጥበትን ስለሚስብና ብረቱን ስለሚያዝግ ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህም ይሆናል።

እንግዲህ ትልቁን ካሚዮንና ትንሹን መኪና አንድ የሚያደርጋቸው ሕግ ይህ ነው፤ ሞተር የሚሠራበትን አየር ማወቅና ጥቃቅኑን ነገር አለመናቅ። ይህን በፊዚክስ ክፍል በቀመር እንማራለን፤ የጣርማ በር ሹፌሮች ግን በጆሮአቸው ሰምተው፣ በእጃቸው ዳስሰው ዐወቁት። የእነርሱ ዕውቀት በመጽሐፍ ስላልተቀመጠ አንድ አዛውንት መካኒክ በሞተ ቍጥር አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ፣ ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ በየሰፈራችን ያሉትን የቀድሞ ሹፌሮችና መካኒኮች እንጠይቅ። የነገሩንንም በደብተራችን እንጻፍ። ወላጆችም ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ መምህራንም ይህን ሥራ ይምሩልን። ዋሻው ከድንጋይ የተፈለፈለ ስለ ሆነ ራሱን ያስታውሳል፤ በውስጡ ያለፉትን ሰዎች ድካም የምናስታውሰው ግን እኛ ነን።